የሚጮኸው ካርድ

ልጄ ሳሙኤል ከጌም ቤት አልወጣ ቢለኝ፣ «በል ኮምፒውተር ራስህ ገጣጥመህ ቤትህ ተጫወት» አልኩትና ዕቃዎቹን ልንመርጥ አብረን ወጣን። ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር አንድ ሱቅ ገባን። ሌላውን ሁሉ መርጦ የጌሙን ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ላይ ሲደርስ ደካማውን አነሳ። ባለሱቁ ሳቀበት። «አንተ፣ በዚህ ምን ልትጫወት ነው? በዋጋ ብዙም አይበላለጡም፣ ጠንካራውን ውሰድ እንጂ!»

«የሱ ማራገቢያ ይጮኻል» አለ ልጄ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «ቤታችን አንድ ክፍል ናት። እማዬ አመሻሽ ላይ ስትጸልይ ይረብሻታል።»

ስጸልይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስለሚተኛ፣ ስለ እሱ የማለቅሰውን የሚሰማ አይመስለኝም ነበር። ባለሱቁ ደካማውን መጠቅለል ሲጀምር፣ «ቆይ ወንድሜ፣ ጠንካራውን ስጠው» አልኩት።

«ጸሎትሽስ እማዬ?» አለኝ ልጄ ደንግጦ።

«ሐና ድምፅዋ ሳይሰማ፣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ አይደል ሳሙኤልን ያገኘችው?» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ ማራገቢያው ሲጮኽ፣ እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ በከንፈሬ ብቻ እጸልያለሁ። ሳሙኤልም ስጸልይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ተወ።