በላይነሽ ከበረዶው ይዛ የመጣችው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የዕድራችን ሰዎች፣ ከወለንጪቲ የመጣችሁ ቤተሰቦቿ፣ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቿ፤ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን። ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ጥቂት ታገሡኝ።

ወልደአማኑኤል እባላለሁ። ከመምህርት በላይነሽ ገርባ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚሁ አዳማ በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል።

ተማሪዎቿ፣ ያን ቀን ታስታውሳላችሁ? ስለ ሰሜን ዋልታ እያስተማረች ሳለ ተማሪዋ ጫምሳ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?» አላት።

«አላየሁም» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ብዙም ሳትቆይ ወረቀት ይዛ ቢሮዬ መጣች። መምህራንን ከሳይንቲስቶች ጋር ወደ ዋልታ የሚወስድ ፕሮግራም አግኝታለች። ያኔ ምክትል ርዕሰ መምህር ነበርኩና የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አልኳት? «አዳማ ተቀምጠሽ በረዶ ምን ያደርግልሻል? ክፍልሽንስ ማን ይይዝልሻል?» አልፈረምኩም። የማመልከቻው ቀን አለፈባት። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እሷም አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

በዓመቱ ያንኑ ወረቀት ይዛ መጣች። «ወልዴ፣ ዘንድሮስ?» አለችኝ። ፈረምኩ።

ሄደች። ከአዲስ አበባ አልፋ የማታውቅ ሴት በሃምሳ አንድ ዓመቷ ሄደች። አንድ ረፋድ ላይ ከመርከቡ ደወለችልን። ስልሳ ተማሪ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተጨናንቆ ሰማ። እኛ በላብ ተጠምቀናል፤ የእሷ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማል። የበረዶውን ውፍረት ስትለካ ነበር። በአማርኛ ነገረቻቸው፣ በኦሮምኛ ደገመችላቸው። ጫምሳ «ቲቸር፣ ምን ምን ይሸታል?» አላት። አየሩን በአፍንጫዋ ስትስብ ተሰማን። «ምንም አይሸትም። ዝናብ የነካው አፈር ናፈቀኝ» አለች።

ስትመለስ ለብቻዬ የነገረችኝን ልንገራችሁ። «ወልዴ፣ መለኪያውን መያዝ አቃተኝ። ልጄ የምትሆን ተመራማሪ ሦስት ጊዜ አሳየችኝ፤ ሦስቴም ተሳሳትኩ። መኝታዬ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ልጅቷ እንደ አዲስ አሳየችኝ። እኔ ግን ሦስቴ አስረድቼ ያልገባውን ስንቱን ልጅ ‹ውጣ› ብያለሁ?»

ከዚያ ወዲህ ከበላይነሽ ክፍል የተባረረ ልጅ የሚያስታውስ አለ? የለም። በእረፍት ሰዓት አራተኛ፣ አምስተኛ ጊዜ ስታስረዳ ነበር የምናያት። በወለንጪቲ መንገድ፣ አስፋልቱ ሲሠራ የተቆረጠው ዳገት ሥር ልጆቹን አቁማ፣ የእሳተ ገሞራውን አመድ ንብርብር በጣቷ እየነካች «በረዶውም እንዲሁ ነው፤ ዓመት በዓመት ላይ ይተኛል። ቁጠሩ» ስትል እኔም ነበርኩ። ነፋሱ ነጠላዋን ይወስድባታል፤ እሷ ትስቃለች። ያልፈረምኩት ሰውዬ ከልጆቹ ጋር ቆሜ ቆጠርኩ። እንዴት ያለ ቀን ነበር።

ጫምሳ ያውና፣ ከተማሪዎቹ ጋር ቆሟል። እሱም የሳይንስ መምህር ሆኗል።

በላይነሽ፣ ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ስጠይቅሽ አልጋሽ ላይ ፈተና እያረምሽ ነበር። «አሥራ አንድ ወረቀት ቀረኝ» አልሽኝ። ዛሬ ጠዋት አሥሩን ጨረስኩልሽ። የመጨረሻው፣ የተማሪሽ የማርቲ ወረቀት ግን ግማሹ ባዶ ነው። ውጤት አልጻፍኩበትም። ሰኞ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስረዳታለሁ። ካልገባትም ማክሰኞ።

አንቺ ዕረፊ፣ እህቴ። በሰላም ሂጂ።