ከሀድልቤሪ በአውቶቡስ የሚደረስባቸው ሰባት የእግር ጉዞዎች

ሀድልቤሪ በምትባል የእንግሊዝ ገጠር መንደር፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ ጡረተኛው አቶ ዘለቀ አንድ እግሩን ጫማ አድርጎ፣ ሌላውን በካልሲው እንዳለ፣ ከመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ሆኖ ፌርማታውን ይሰልላል፤ ባለቤቱ ወይዘሮ አሰለፈች ስንቁን ቦርሳ ውስጥ እየከተተች ነው።

ዘለቀ፦ ታሟል በያቸው። ሌላ ምንም አትጨምሪ፤ ታሟል ብቻ።

አሰለፈች፦ ምኑን ቢሉኝስ?

ዘለቀ፦ ጉልበቱን በያቸው። የሰው ጉልበት ማንም ገልጦ አያይም።

አሰለፈች፦ ትናንት ከሰዓት መሰላል ላይ ወጥተህ አሸንዳ ስትጠርግ ጎረቤታችን ፖውሊን ከነውሻዋ ቆማ ታይህ ነበር። አንተም በአንድ እጅህ ተንጠልጥለህ በሌላው ሰላም አልካት።

ዘለቀ፦ እንግዲያው ሆዱን በያት።

አሰለፈች፦ ሆዱን ካልኩ ሾርባ ይዛ ትመጣለች። የፖውሊንን ሾርባ ከምትጠጣ አሥር ኪሎ ሜትር በእግርህ ብትሄድ ይሻልሃል። በል ያንን ሁለተኛ ጫማ አጥልቅ፤ ዘጠኝ ሰው መንገድ ምራን ብሎ ቆሞ እየጠበቀህ ነው።

ዘለቀ፦ ዘጠኝ? ቅድም ስቆጥራቸው ሰባት ነበሩ።

አሰለፈች፦ ቄሱና ሚስታቸው ተጨመሩ፤ ከነምርኩዛቸው።

ዘለቀ፦ ቄሱም? በቃ፣ አለቀልኝ።

አሰለፈች፦ ምን ያስፈራሃል? የእግር ጉዞ መንገዶቹን የጻፍክ አንተ፣ ስምህ ወረቀቱ ላይ በትልቁ የታተመ አንተ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተለጥፏል፤ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ተደርድሯል፤ እኔ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ሳይቀር ከአልጋ መውረድ ለማይችሉት ሁሉ ታድሏል። ለለንደን ዘመድ በሙሉ ፎቶ እያነሳህ የላክኸውስ አንተ አይደለህም?

ዘለቀ፦ ለአክስትሽ ልጅ ብቻ ነው የላክሁት።

አሰለፈች፦ እሱም በደወለ ቁጥር “ደራሲው አለ?” ይላል፤ አንተም ሳታፍር አቤት ትላለህ።

ዘለቀ፦ ሰው ስም ሲያወጣልኝ ምን ላድርግ? አሰለፈች፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ግን አትሳቂ።

አሰለፈች፦ ቃል አልገባም። ተናገር።

ዘለቀ፦ ዛሬ የምንሄድበትን፣ አራተኛውን መንገድ… በእግሬ ሄጄበት አላውቅም።

አሰለፈች፦ ሦስተኛውንስ?

ዘለቀ፦ ሦስተኛውንም።

አሰለፈች፦ ሰባተኛውን?

ዘለቀ፦ ሰባተኛው ላይ ወርጄ ነበር። ሽንቴ ይዞኝ። ዛፏ ጋ ደርሼ ተመለስኩ፤ ሾፌሩ ጠበቀኝ። ከአውቶቡስ የወረድኩት በጠቅላላው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ እሱ ነው።

አሰለፈች፦ እኔን የሚገርመኝ ዛሬ መናገርህ ነው። አምስት ወር ሙሉ ጫማህን የምወለውለው እኔ አይደለሁም? በዚህ አገር ከደጅ ውሎ ጭቃ ሳይነካው የሚገባ ጫማ ያንተ ብቻ ነው። ወረቀትህንም አንብቤዋለሁ። ኮረብታው በስተግራ፣ የድሮው ወፍጮ በስተግራ፣ ጽጌረዳ ያለባት ጎጆ በስተግራ። በሰባቱም መንገድ በስተቀኝ አንዲት ቁጥቋጦ እንኳ አልበቀለችም።

ዘለቀ፦ የአውቶቡሱ ፎቅ ላይ፣ ከፊት፣ በግራ በኩል ያለው ወንበር የኔ ነው። ማሞቂያውም እዚያ ጋ ነው።

አሰለፈች፦ “ከአጥሩ ማዶ ሐይቁን እያዩ ይራመዱ” ብለሃል። አጥሩ የሁለት ሰው ቁመት ያለው ቁጥቋጦ ነው አሉ። ከከተማ የመጣ አንድ ጎብኚ ሐይቁን አያለሁ ብሎ ሲዘል ሲዘል መነጽሩን ጥሎታል።

ዘለቀ፦ ከፎቁ ላይ ግን በደንብ ይታያል። ዳክዬዎቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ሌላው ቢቀር ያላየሁትን አልጻፍኩም።

አሰለፈች፦ መጀመሪያውኑ ማን ጻፍ አለህ?

ዘለቀ፦ እነሱ ናቸዋ። የመንደሩ ስብሰባ ላይ፣ የቅዳሜው አውቶቡስ ተሳፋሪ ካላገኘ በመከር ወራት ይቆማል ተባለ። ሰው እንዲሳፈር በአውቶቡሱ የሚደረስባቸውን የእግር መንገዶች የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል አሉ። ፖውሊን፣ አውቶቡሱን እንደሱ የሚያውቀው የለም ብላ ወደኔ ጠቆመች። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ አላውቅም ልል ነበር፤ አፌ እሺ አለ።

አሰለፈች፦ አፍህማ ቤት ውስጥ እሺ የሚባል ቃል አያውቅም።

ዘለቀ፦ ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ሳጥፍ አንድ ሰው አንተስ ምን ትላለህ ብሎኝ አያውቅም። ያን ቀን ያ ሁሉ ሰው ከኔ መልስ ሲጠብቅ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ዋሸሁ። የተሻለ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ አጣሁ።

አሰለፈች፦ ይሁን። ከዚያ በኋላ ግን ወርደህ ብትሄድበት ማን ከለከለህ? እግርህ ደህና፣ ቀኑ ያንተ፣ የአዛውንት መታወቂያህን አሳይተህ እንደልብህ ትሳፈራለህ።

ዘለቀ፦ ሁለት ጊዜ ወርጄያለሁ አላልኩሽም? ሌላው ጊዜ አንደኛው መንገድ ላይ ነው። ምልክቱ ለሕዝብ የተፈቀደ የእግር መንገድ ነው ይላል። የሚያመለክተው ግን ፊት ለፊት፣ የአንድ ገበሬን ስንዴ መሃል ለመሃል ነው። የእንጨት በር አለው። በሩ ላይ ቆምኩ።

አሰለፈች፦ ከፍተህ አትገባም?

ዘለቀ፦ ባለቤቱ ሳያውቅ? የሰው አዝመራ መሃል? አባቴ የጎረቤት ማሳ ዳር ዳሩን እንኳ ሲያልፍ ባለቤቱን ተጣርቶ፣ ሰላም ብሎ፣ እህሉን መርቆ ነበር የሚያልፈው። እኛ አገር ዝም ብለሽ ገብተሽ ብትገኚ መጀመሪያ የሚያናግርሽ ውሻው ነው። ስለዚህ ተጣራሁ። “ቤቶች!” አልኩ።

አሰለፈች፦ በአማርኛ?

ዘለቀ፦ መጀመሪያ በአማርኛ። ኋላ በእንግሊዝኛ “ሄሎ፣ ሀውስ” አልኩ።

አሰለፈች፦ ወይ የኔ ጌታ። ማን ወጣልህ?

ዘለቀ፦ ከጎን ካለው ግጦሽ ላሞች መጡ። ሃያ ይሆናሉ። አጥሩ ላይ ተደርድረው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየን። ከዚያ አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ መጣችና በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። መሬቱ የሷ መስሎኝ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ማለፍ ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እኔም አላፊ ነኝ፣ ማንም ማለፍ ይችላል አለችኝ።

አሰለፈች፦ ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ፈለግህ?

ዘለቀ፦ ማንም ሲባል እኔንም ይጨምር እንደሆነ ማንን ልጠይቅ? ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ዛሬም ማንም ሲባል ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆመውን ሰው ነው የማየው። በሩን መልሼ ዘጋሁላት። ቀጣዩ አውቶቡስ ሲመጣ ፎቁ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እዚያ ወንበር ላይ ማንንም ማስፈቀድ የለብኝም።

አሰለፈች፦ ይህን ለኔ እንኳ አልነገርከኝም።

ዘለቀ፦ አንቺ ትስቂያለሽ ብዬ። የላሞቹ ነገር ደግሞ እውነትም ያስቃል።

አሰለፈች፦ በላሞቹማ ገና እስቃለሁ፤ ለማታ አስቀምጬዋለሁ። ለዚህ ነዋ ወረቀቱ ላይ “በሩ ጋ ሲደርሱ ተጣርተው፣ ባለቤቱ እስኪወጣ ይጠብቁ፤ ሰላምታም ይስጡ” ብለህ የጻፍከው?

ዘለቀ፦ በሰባቱም ላይ ጽፌዋለሁ። ምን ልጻፍ? ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም።

አሰለፈች፦ ባለፈው ሰኞ ወረቀትህን ይዘው የመጡ ባልና ሚስት እንዳልከው አድርገዋል። በሩ ላይ ቆመው ሲጣሩ ገበሬው በድንጋጤ እየሮጠ ወጣ፤ ሰው የሞተ ነው የመሰለው። ሰላም ልንልህ ነው ሲሉት ማመን አቃተው። አርባ ዓመት ሙሉ አላፊ አግዳሚው ስንዴውን እየሰነጠቀ ሲያልፍ አንድም ሰው ቆሞ ተጣርቶት አያውቅም። ቤቱ አስገብቶ ጥጆቹን አሳይቷቸው፣ እንቁላል አሸክሞ ሸኛቸው። እነሱም ግማሹን፣ ለጻፈው ሰውዬ ስጡልን ብለው ፖስታ ቤት ትተውልህ ሄዱ።

ዘለቀ፦ እንቁላል? የታለ?

አሰለፈች፦ ሐሙስ ቁርስ ላይ በልተኸዋል። ዛሬ እንቁላሉ ልዩ ነው እያልክ።

ዘለቀ፦ ይኸው፣ ባሰብኝ። ሰው ያመነኝን ያህል ነው ውድቀቴ የሚከፋው። ዛሬም በር አለ፤ አራተኛው መንገድ ላይ ሁለት በር ነው ያለው፤ ከላይ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ። እዚያ ደርሼ እግሬ አልንቀሳቀስ ቢለኝስ? ዘጠኝ ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ? ከዚያ በኋላ በየትኛው ፊቴ አውቶቡስ እሳፈራለሁ? አንቺ ሥራ ስትውይ እኔ እዚህ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ነው የምቀረው። ቀኑን የሚያስመሽልኝ እሱ አውቶቡስ ነው። እሱን ካጣሁ ምን ቀረኝ?

አሰለፈች፦ ስለዚህ ውጣና እውነቱን ንገራቸው።

ዘለቀ፦ ምን ብዬ? የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ መሪያችሁ ከወንበሩ ተነስቶ አያውቅም ልበል?

አሰለፈች፦ ጥሩ አድርገህ ጀመርከው። እንደዚሁ ቀጥል።

ዘለቀ፦ አንቺ ሁልጊዜ ቀልድ ነው።

አሰለፈች፦ እየቀለድኩ አይደለም። ጉልበቱን ብዬ ብዋሽልህ፣ የዛሬ ሳምንትም ጉልበቱን፣ የዛሬ ወርም ጉልበቱን ልል ነው። ክረምቱ ሳይመጣ በኔ አፍ ሽባ ትሆናለህ።

ዘለቀ፦ መጣ። አውቶቡሱ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ታጠፈ።

አሰለፈች፦ ጫማህ ከወንበሩ ሥር ነው።

ዘለቀ፦ እሺ። እነግራቸዋለሁ። ከመሳፈራቸው በፊት፣ ቄሱም ባሉበት እነግራቸዋለሁ። የሚስቅም ይሳቅ፣ የሚመለስም ይመለስ። ማሰሪያውን እሰሪልኝ። ምንም የማያውቁ ሰዎች መሆናቸው ነው አንጀቴን የሚበላኝ። በቅን ልብ አምነውኝ፣ መንገድ ያሳየናል ብለው በጠዋት ተነስተው…

አሰለፈች፦ ከወንበርህ ሳትነሳ ሄደህ እንደምትመለስ ሾፌሩ ለፖውሊን፣ እሷም ለሁሉም ከነገረች አራት ወር ሆኖታል። ሁሉም እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ናቸው፤ መንገዱን ዓይናቸውን ጨፍነው ይሄዱበታል። ዛሬ የመጡት አንተን ከአውቶቡሱ ሊያወርዱህ ነው።