የርችት ሠሪው ዓይንና የርካሹ መደብር ወሬ

ሐሙስ ጠዋት በሳንታ ብሪሂዳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ርችት ሠሪው ዶን ኤፒፋኒዮ አጠገባቸው ወደቆመች ወጣት ዘወር አሉና ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ይህ የሚመጣው አውቶቡስ ወደ ባሩድ ማከፋፈያው ነው የሚሄደው?»

ወጣቷ ክው አለች። «አባባ! እኔ እኮ ነኝ፤ አራሴሊ! ክርስትና ያነሡኝ ልጅዎ!»

ሽማግሌው ደነገጡ። የአበልጃቸውን ልጅ፣ ከጥምቀት ውሃ የተቀበሏትን፣ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆማ ሳለች አላወቋትም። ድንጋጤያቸውን ግን በቁጣ ሸፈኑት።

«ፀሐዩ ነዋ! ፊት ለፊት መጥቶብኝ! ደግሞስ አንቺ የዚያን የርካሽ መደብር ሸሚዝ ለብሰሽ ማን ይለይሻል?»

«አባባ፣ ደመና እኮ ነው» አለች አራሴሊ ቀስ ብላ።

አራሴሊ በዋና ከተማው የዓይን ምርመራ ተምራ የመጣች ልጅ ናት። ከአምስት ወር ወዲህ በከተማው ዳር በተከፈተው ግዙፍ መደብር በመነጽር ክፍሉ ትሠራለች። መደብሩ ምስማሩንም ሥጋውንም መድኃኒቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር በርካሽ የሚሸጥ፣ ከሰሜን የመጣ ኩባንያ ነው። ዶን ኤፒፋኒዮ ደጃፉን ረግጠው አያውቁም። ሰው በፈለገበት ቢገበይ መብቱ ነው፤ የሚያሳስበው የሽማግሌው ሥራ ነበር። ርችት ሠሪ ዘንድ በቆርቆሮው ላይ ካለው ጽሑፍ በቀር የማይለዩ ነጫጭ ዱቄቶች አሉ። መገናኘት የሌለባቸው ሁለቱ አንድ ሙቀጫ ውስጥ የተገናኙ ቀን ጣሪያውም ባለቤቱም አብረው ይሄዳሉ። የደብሩ በዓል ሊደርስ ደግሞ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል።

«አባባ፣ ዱቄቶቹን በምን ይለዩዋቸዋል?»

«በጣቴ! በአርባ ሦስት ዓመት ልምድ!»

«ነጩን ከነጩስ?»

«ምራቴ ታነብልኛለች።»

«ገበያ ስትወጣስ?»

«እስክትመጣ እጠብቃታለኋ!» አሉ። ይህን ሲሉ ግን የባርኔጣቸውን ጠርዝ ይጠመዝዙ ነበር፤ ሰኞ ዕለት እንዳልጠበቋት ያውቃሉና።

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። ሁለቱም አልተሳፈሩም።

«ይምጡና ዓይንዎን ልመርምርልዎት። ምርመራው በነጻ ነው።»

«በነጻ ሲሉኝ እኔ ኪሴን ነው የምዳብሰው!» ብለው ሳቁ ሽማግሌው። «ያ መሣሪያችሁ የሰው ዓይን ሥዕል ወስዶ ወደ ሰሜን ይልካል አሉ። በዚያ ሥዕል ቤትና መሬት በሌላ ሰው ስም ይዞራል አሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሰው ሁሉ።»

«የሰው ሁሉ ስም ማነው?»

«ክሌቶ ነዋ፣ ባሩዳችንን የሚጭንልን ሾፌር! ከመደብሩ ሥር ዋሻ መኖሩንም እሱ ነው የነገረኝ። በሚሠራበት ሰሞን ስንትና ስንት መኪና አፈር ሲወጣ በዓይኑ አይቷል።»

«አፈሩስ ወጥቷል፤ ክሌቶ አልዋሸም። የት እንደተራገፈ ነገረዎት?»

«እሱን አልነገረኝም።»

«ጡብ ሠሪዎቹ ጋ ነው። የመሠረቱና የጎርፍ ማጠራቀሚያው አፈር ሸክላማ ስለሆነ እነሱ ወሰዱት። እርስዎ ዘንድሮ የባሩድ ቤትዎን ግድግዳ ያሠሩት በማን ጡብ ነው?»

«በ… በእነሱው ጡብ።»

«እንግዲያው ዋሻው እርስዎ ግቢ ቆሞልዎታል!»

ዶን ኤፒፋኒዮ ሳይወዱ በግድ ሳቃቸው አመለጣቸው። እሷም ቀጠለች፦ «መሣሪያው የሚያወጣው የመነጽር ቁጥር ነው። ወረቀቱን ለእርስዎ እሰጥዎታለሁ። በዓይን ቁጥር ርስት ይወሰድ እንደሆነ፣ ያውና የውል አዋዋዩ ቢሮ፤ ገብተን እንጠይቅ።»

ወሬ ልማዱ ነው፤ አንድ እፍኝ እውነት ይበደርና ቁና ሙሉ አድርጎ ይመልሳል። ሽማግሌው ቁናውን ጥለው እፍኟን ያዙ።

«ይሁን። ግን ልጄ ከቺካጎ ሲደውል እዚያም አለ ይለኛል። በቻይና ከፈተ፣ በአፍሪካ ከፈተ ይባላል። ዓለም የማያጠግበው ምን ዓይነት ሆድ ነው?»

«እናንተ ሰባቱ ርችት ሠሪዎች ባሩድ የምትገዙት እንዴት ነው?»

«ተባብረን ነዋ፤ አንዳችን ሄዶ ለሁላችን ያዝዝና በአንድ መኪና እናስጭናለን፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ለየብቻ ብንገዛ አከፋፋዩ ቆዳችንን ይገፍፈን ነበር።»

«እሱም የያዘው ይህንኑ ዘዴ ነው። በብዙ አገር ስለሚሸጥ በብዛት ይገዛል፤ በብዛት ሲገዛ ይረክስለታል። ምትሃት የለበትም።»

«የሶሌዳድ ሱቅ መዘጋትስ? እሱም ወሬ ነው?»

አራሴሊ አንገቷን ደፋች። «እሱ እውነት ነው። ከረሜላ ከእሷ እየገዛሁ ነው ያደግሁት። የሚቆጨኝም ይኸው ነው አባባ። ያን ጊዜ በመደብሩ ላይ አቤት ልትሉ ከንቲባው ዘንድ ስትሄዱ ‹የመደብሩ ጭነት መኪኖች የሐሙስ ገበያችንን መንገድ ዘጉብን› ብትሉ ኖሮ መልስ ያጡላችሁ ነበር። ዋሻ አለ፣ ዓይን ይሰረቃል ስትሉ ግን ስቀው ሸኟችሁ። ውሸቱ እውነታችሁን ይዞት ወደቀ።»



«ያን ቀን ተናጋሪው እኔ ነበርሁ» አሉ ዶን ኤፒፋኒዮ። «ነይ፣ ምሪኝ። ባሩዱ ይቆያል።»

በአራተኛው ቀን መነጽሩ ደረሰ። ሽማግሌው ዋጋ ሲነገራቸው በገበያ ደንብ ግማሹን ጠሩ። ዋጋው አይቀነስም ቢባሉ «እሺ፣ ምርቃትስ?» አሉ። ሻጩ ግራ ተጋብቶ ከየመነጽሩ ጋር የሚሰጠውን መወልወያ ጨርቅ አቀበላቸው። «አየሽ? ሰው መጠየቅ ነው ያለበት!» አሏት አራሴሊን። እሷም እውነቱን ልትነግራቸው አልጨከነችም።

ቤታቸው ሲደርሱ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አነበቡ። አንብበው ሲጨርሱ፣ ባለፈው ሳምንት በጣታቸው ለይተው የቀላቀሉትን ሁሉ በውሃ በርሜል ውስጥ ጨመሩት።

«የሳምንት ድካምዎን!» ብላ ጮኸች ምራታቸው።

«ድካሙን እደግመዋለሁ» አሉ። ሰኞ ዕለት ምራታቸውን ሳይጠብቁ ያነሡት ቆርቆሮ ያሰቡት አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ርችት ሠሪዎቹ ሲሰበሰቡ ዶን ኤፒፋኒዮ ተነሥተው ቆሙ። «ወንድሞቼ፣ መደብሩ ቅዱስ አይደለም፤ ሰይጣንም አይደለም። የሚጠቅመንን እንውሰድ፤ ዓይናችንን እንመርመር፤ መድኃኒት የሚረክሰው እዚያ ከሆነ እዚያ እንግዛ። የሚጎዳንን ደግሞ በስሙ ጠርተን እንሟገት። ሰው ያላየውን ‹አየሁ› ካለ፣ ያየውን ሲናገር የሚያምነው አያገኝም። ዓይኑ የደከመ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ሙቀጫ አይንካ፤ እኔ ነክቼ እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ።»

ክሌቶ ሳይቀር አጨበጨበ። በዚያው ሳምንት አምስቱ ተመረመሩ፤ ሦስቱ መነጽር አደረጉ።

ማክሰኞ ዶን ኤፒፋኒዮ ከገበያተኞቹ ጋር ከንቲባው ፊት ቀርበው አቤቱታውን ራሳቸው አነበቡ። አቤቱታው አንድ ገጽ ነበር፤ መንገዱን፣ ሰዓቱን፣ የመኪኖቹን ቁጥር ይዟል። ከንቲባው በዚህ ጊዜ አልሳቁም። ጸሐፊያቸውን ጠርተው፣ ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ ጭነት መኪኖቹ በኋለኛው መንገድ እንዲገቡ ትእዛዝ አስጻፉ፤ ከፈረሙም በኋላ ወረቀቱን «ያንብቡትና ትክክል እንደሆነ ይንገሩኝ» ብለው ለሽማግሌው ሰጧቸው።