በሽቦ የተሰፋው ቦይለር

ከፈረስ መጋላ ወደ ኤረር በር በሚወርደው ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በሻሽ የተሸፈነ ክብ ነገር ታቅፈዋል። በወዲያ በኩላቸው ያለው ወታደር ጠየቃቸው።

«ሞሰብ ነው እንዴ፣ እናቴ?»

«ሞሰብ አይደለም። ግን ሰፍቼዋለሁ። ንካው።»

«ብረት ነው እኮ። ምን ይቀመጥበታል?»

«እንፋሎት። ልጄ መኪና እየሠራች ነው። ድሮ፣ ቤንዚን ሳይለመድ፣ በእንፋሎት የሚሄድ መኪና የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ አለችኝ። ውሃው የሚፈላው እዚህ ውስጥ ነው፤ ቦይለር ትለዋለች።»

«ዙሪያውን ሽቦው ለምንድነው?»

«እንዳይፈነዳ። የድሮዎቹም እንደዚህ ይጠመጥሙት ነበር አሉ። እሷ ደጋግማ ብትጠመጥመው ላላባት። ወዲህ በይ አልኳት። ወላሂ፣ ስፌት ከያዝኩ ጀምሮ እጄ ላይ የላላ ነገር የለም።»

«ጎበዝ ልጅ አለችዎት።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጎበዝ ናት። ይሄ ግን የእኔ ነው።»

«እሳት ነክቶታል?»

«በቀዝቃዛ ውሃ ግፊት ተሞክሮ ችሏል። እሳት የሚለኮስበት ዛሬ ነው።»

«እንግዲያው ራቅ ብለው ይቁሙ፣ እናቴ።»

«እሷም እንደዚያ ነው ያለችኝ። መኪናው ላይ ማን ይቀመጣል ብላት ሽቦውን መነካካት ጀመረች።»

«ታዲያ ማን ሊቀመጥ ነው?»

«የሰፋችው ናታ፤ ሌላ ማን።»

ኤረር በር ጋ ስንደርስ ታክሲው ጉድጓድ ገብቶ ሲነጥር፣ ከወታደሩ እጅ ቀድሞ የእኔ እጅ ቦይለሩን ደግፎ ነበር።