ማተቡ ሳይፈታ

ከደሃና ወደ ሰቆጣ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አዛውንት ባልና ሚስት ተቀምጠዋል።

«ዛሬም ከሐኪሙ አልጋ ተነስተሽ እንዳትሸሺ።»

«ማተብሽን ፍቺ ሲለኝ ምን ላድርግ? ከክርስትናዬ ጀምሮ አንገቴ ላይ ነው።»

«ወደ ጭንቅላትሽ የሚሄደውን የአንገትሽን የደም ሥር በአልትራሳውንድ ሊያይ ነዋ። ጠቦ እንደሆነ መድኃኒት አለው።»

«እርጅና ነው። እጄ ትንሽ ይደነዝዝና ይተወኛል።»

«ባለፈው አፍሽ ተይዞ ስሜን መጥራት ሲያቅትሽስ? እኔ ነኝ የፈራሁት።»



«ካልፈታሽ አላይም ቢለኝስ?»

«እኔ አጠገብሽ ቆሜ ማተቡን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ እይዝልሻለሁ። እሱ ከሥር ይይ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ እጅህ እየተንቀጠቀጠ?»

«በሁለት እጄ እይዘዋለሁ።»

ሳላስበው ጣቶቼ የራሴን ማተብ ይዘው አገኘኋቸው።