ኩማ ያላደረገውን ያመነ ዕለት

ባለፈው ሰኔ የውርስ ማስረጃ ላወጣ ነቀምቴ ፍርድ ቤት ሄጄ ዝናብ ያዘኝና በረንዳው ላይ ተጠለልኩ። እዚያ ኦቦ ጂሬኛን አገኘኋቸው። የባኬ ጃማ ሰው ናቸው፤ በጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ፣ በሰፈሩ አስታራቂ።

«ነጋ ጂርቱ፣ ኦቦ? ምን እግር ጣለዎት?» አልኳቸው።

«ልጄ ኩማ ተከሶ ነው» አሉ፣ በረጋ ድምፅ። «በሠርግ ላይ ጠብ ተነሥቶ የጎረቤታችን የታረቀኝ ክንድ ተሰበረ። ትናንት ዳኛዋ ሲጠይቁት ‹አዎን፣ እኔ ነኝ› ብሎ አመነ። እመን ያልኩት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ መካድ ነውር ነው። ዛሬ ቅጣቱ ይነገራል፤ ከከበደን ይግባኝ ብለን ነገሩን እንደ አዲስ እናሰማለን።»

ከጎናችን መዝገብ ታገላብጥ የነበረች ወጣት ቀና አለች። ወርቂቱ ትባላለች፤ ለድሆች በነጻ የምትቆም ተከላካይ ጠበቃ ናት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኦቦ» አለች። «ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ያመነ ሰው ቅጣቱ በዛ ብሎ ይግባኝ ማለት ይችላል። ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ግን ይግባኝ ማለት አይችልም። ያንን መብት በገዛ አፉ ትቶታል።»

እኔ ራሴ ክው አልኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሥነ ዜጋ ሳስተምር ይህን አላውቅም ነበር።

«ለልጄ ይህን ማን ነገረው?» አሉ ኦቦ ጂሬኛ።

«እንግዲያ ጠበቃ ሳያማክር ነው የመለሰው» አለች ወርቂቱ። « ለመሆኑ ክንዱን ሰብሯል?»

«እኔ እንጃ።»

«አልጠየቁትም?»

«አልጠየቅኩትም፣ ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ስሙ ሲነሣ አፈርኩ። በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን ያመነ ይማራል፤ ሰውም ይታረቃል። ፍርድ ቤቱም እንዲያ መስሎኝ ነው።»

«እርቁ መልካም ነው፤ ማመንም ቅጣት ያቀልላል። ያደረገ ሰው አውቆ ቢያምን አልቃወምም። ያላደረገ ሰው አደረግኩ ካለ ግን፣ በራሱ ላይም ቢሆን በሐሰት መመስከሩ አይደለም?»

«እስቲ አንቺ ጠይቂልኝ» አሉ ሽማግሌው።

ወርቂቱ ፖሊሱን አስፈቅዳ ኩማን አነጋገረችው። ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ሊገላግል ነው የገባው» አለች። «‹ለምን አመንክ?› ስለው ‹አባቴ እመን አለኝ፤ ገደልኩ በል ቢለኝም እል ነበር› አለኝ።»

«አሁንስ ምን ይደረጋል?» አሉ ኦቦ ጂሬኛ።

«ቅጣቱ ሳይነገር እንድረስ» አለች ወርቂቱ። «የእምነት ቃሉ የተሳሳተ መሆኑ ከታየ ዳኛዋ ወደ ክህደት፣ ጥፋተኛ አይደለሁም ወደሚል ቃል፣ ሊለውጡት ይችላሉ።»

ከሰዓት በኋላ ችሎቱ ፊት ቆመው ሽማግሌው ራሳቸው ተናገሩ። «ክብርት ዳኛ፣ ያ ቃል የእኔ ነበር፤ የልጄ አይደለም።» ዳኛዋ ኩማን ደጋግመው ጠየቁት፤ እርሱም ሊገላግል መግባቱን ተናገረ። ከዚያ የእምነት ቃሉን ወደ ክህደት ለውጠው ምስክሮች እንዲሰሙ አዘዙ።

በጥቅምት ምስክሮች ቀረቡ። ታረቀኝ ራሱ «የሰበረኝን አላየሁም፤ ኩማ ግን ከላዬ ሰዎችን ሲያነሣልኝ አስታውሳለሁ» አለ። ኩማ በነጻ ተሰናበተ።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ ጂሬኛ ልጁ የተከሰሰበት ሰው ምክር ሊጠይቅ ሲመጣ፣ አስቀድመው ወደ ወርቂቱ ይልኩታል። በቀደም አንዱ «ታዲያ ክዶ ቢፈረድበትስ?» ሲላቸው ሰማሁ።

«ቢፈረድበት ማስረጃው በደንብ ተሰምቶ ነው» አሉት። «ዳኛ ቢሳሳት ደግሞ የበላይ ዳኛ አለ፤ ልጅህም አቤት የሚልበት አፍ ይኖረዋል። የእኔ ልጅ ያንን አፍ በእኔ ትእዛዝ ዘግቶት አንድ ሌሊት አድሯል።»