የሐጅ ኦሼክ ጣራና የውሃው ክብደት

ከገበያ ስመለስ ሲተናን ከጎረቤቴ ከሐጅ ኦሼክ ደጃፍ ላይ አገኘኋት። የሐጁ የወንድም ልጅ ናት፤ እዚሁ በሱዳኗ ከሰላ ከተማ በሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። አጎቷን ልትጠይቅ መጥታ፣ ከበሩ ሳታልፍ ሽቅብ አንጋጥጣ ቀርታለች። እኔም አንጋጠጥኩ። ሁለት ጎረምሶች አንድ ትልቅ የብረት ታንከር በጭቃው ጣራ ጥግ ላይ ያስቀምጣሉ።

ሐጁ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የፈጁ፣ ያንንም ቤት በገዛ እጃቸው የሠሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሐጃ በቱል ጉልበታቸውን ታመው ውሃ መሸከም ስለተሳናቸው፣ ከጣራ ላይ በቧንቧ ሊያወርዱላቸው ቆርጠዋል። አሳባቸው የሚመሰገን ነበር፤ ልኬት ጎደለው እንጂ።

«አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ? ከዚያ ጥግ ሥር ማን ነው የሚተኛው?» አለች ሲተና፣ ግቢው ውስጥ ቆመው ጎረምሶቹን የሚያዙትን ሐጁን።

«የልጄ የሙሳ ሚስት ከነአራስ ልጇ። ምነው?»

«እንግዲያው እባክዎ፣ ታንከሩ ይውረድ።»

ሐጁ ሳቁ። «እነዚህ እየተሳሳቁ ያወጡትን ጣራዬ አይችልም?»

«ያወጡት ባዶውን ነዋ! ሲሞላስ?»

«ውሃ እኮ ነው የምሞላው፣ ድንጋይ መሰለሽ?»

«ይቁጠሩልኝ» አለች ሲተና። «ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ፣ ቁመቱ አንድ። ሲባዛ ሁለት ሜትር ኩብ፤ ይህም መቶ ጀሪካን ውሃ ይይዛል። አንዱ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው። በጠቅላላው ሃያ ኩንታል! ሃያ ጆንያ ማሽላ እዚያ ጥግ ላይ ይከምራሉ? ገለባ ቢሞሉበት ዝም ባልኩ፤ መጠኑ አንድ ቢሆንም የገለባ እፍግታ ትንሽ ነው። ውሃ ግን እፍግ ያለ ነው።»

ሐጁ ወደ እኔ ዞሩ። «በሙሳ ሠርግ ሠላሳ ሰው አልጨፈረበትም? አንተም ነበርክ፤ መስክር!»

«ነበርኩ፤ እውነት ነው» አልኩ። በልቤም ሐጁ ረቱ ብዬ ነበር።

«ጣራው አምስት ሜትር በአራት ነው» አለች እሷ ሳትደነግጥ። «ሃያ ካሬ ሜትር ማለት ነው። ሠላሳው ሰው ሲበተንበት ለአንዱ ካሬ ሁለት ሰው እንኳ አይደርስም። ታንከሩ የሚያርፈው ግን በሁለት ካሬ ላይ ብቻ ነው፤ ለአንዱ አሥር ኩንታል! አሥራ ስድስት ሰው በአንድ መስገጃ ላይ እንደ ማቆም ነው። ሠርገኛውስ ወርዶ ሄደ፤ ውሃው እኮ እዚያው ያድራል።»

«እኔ ግንብ ስገነባ አባትሽ ዳዴ ይል ነበር!»

«አልካድኩም፣ አጎቴ። እንሞክረው። አራሷ ትውጣና አሥር ጀሪካን ብቻ ይፍሰስበት። ምንም ካልሆነ አፌን እዘጋለሁ።»

ሐጁ እልህ ያዛቸውና እሺ አሉ። አራሷ ልጇን ታቅፋ ወጣች። ጎረምሶቹ ውሃውን እያመላለሱ ገለበጡ። ሐጁ በክፍሉ በር ላይ ቆመው ወደ ጣራው ያያሉ። መጀመሪያ አልጋው ላይ አፈር ብን አለ። ከዚያ የዘንባባው ወራጅ ሲጥ ብሎ እንደ ደጋን ጎበጠ።

«ስንት ገባ?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አሥር» አለች ሲተና።

«የቀረውስ?»

«ዘጠና።»

ሐጁ ግቢው ውስጥ በእናቱ እቅፍ የተኛውን ሕፃን አዩት። «አፍስሱት!» ብለው ጮኹ። «አሁኑኑ ባዶ አድርጉልኝ!»

ታንከሩ ከወረደ በኋላ ወደ ሲተና ዞሩ። «ልጄ፣ ታዲያ በቱል እንደ ድሮው ትሸከም?» አሉ።

«ለምን ይሸከማሉ? ይህን ሸክም የሚችለው መሬት ነው። በግቢው ጥግ ታንከሩ የሚቀመጥበት፣ ከቧንቧው ከፍ የሚል የጡብ ማማ ይሥሩላቸው። እኔ የማውቀው ቁጥሩን ነው፤ ጡቡን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

የሐጁ ፊት በራ። ተነሥተው መሬቱን በእግራቸው መለኩ። «መሠረቱን ሰፋ ላድርገው፤ ሸክሙ በሰፊው ሲከፋፈል አይሰምጥም። ልክ ነኝ?»

«ከእኔ ይበልጥ ገባዎት» አለች ሲተና።

ማማው አልቆ ውሃው የወረደ ዕለት፣ ሐጃ በቱል ቧንቧውን ከፍተው ሲንዠቀዠቅ እልል አሉ። ባልዲውን ወርውረው የልጅ ልጃቸውን እዚያው አጠቡት። አራሷም ያለ ሥጋት በክፍሏ ተኛች።

እኔም በደስታው መሐል «ሐጅ፣ ለጓሮዬ ያመጣሁትን ጡብ ለጊዜው ጣራዬ ላይ ልከምረው ነው» አልኳቸው።

ሐጁ ሻይ የያዘ እጃቸውን አቆሙ። «የጣራህ ወርድ ስንት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያው ምን ትቀመጣለህ? ሜትር ይዘህ ውጣ እንጂ!»

ጎረቤቶቼ እየሳቁብኝ ሜትር ፍለጋ ወደ ቤቴ ሄድኩ።